«አሁን ይመጣል» ሲሉኝ ክርስትናው አለፈኝ

ክርስትና ላነሳ ተጠርቼ የደረስኩት ክርስትናው ካለቀ በኋላ ነው። የሕፃኗ ነጭ ልብስና ማተብ እኔ ቦርሳ ውስጥ፣ እኔ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ሕፃኗ መንዝ ውስጥ ባለችው መሐል ሜዳ ከተማ። ይኸው ነው ታሪኩ። ግን እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ፤ ቅዳሜና እሁድን ተማምናችሁ ወደ ሰሜን ሸዋ ልትወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሙት።

አብሮ አደጌ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ገና ከአራስ ቤት ሆና ደወለችልኝ። «ሴት ናት፤ ክርስትና የምታነሽልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። አለቀስኩ። ከእኛ አገር ስትሆኑ አበልጅነት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ከዘመድም ይበልጣል። ሰማንያ ቀኗ እሁድ ዋለ። ወሩ ደግሞ ጥር ነው። ይህቺን «ጥር» የምትል ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሥራዬ እስከ ዓርብ ማታ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ሌሊት ተነስቼ ከሰዓት በፊት መሐል ሜዳ እገባለሁ፣ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ እሁድ ከሰዓት መመለስ ብዬ አሰብኩ። በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነበር። አንድም ነገር ቢበላሽ የሚቀበልልኝ ቦታ አልተውኩም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከዚያ በጣርማ በር ታጥፎ ገና ብዙ ሽቅብና ቁልቁል ይቀረዋል። ወደ አዳማና ወደ ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው ባቡር አለው። ወደ መንዝ የሚወስደን መኪና ብቻ ነው። መኪናው ካልመጣ በቃ፣ ቀረን ማለት ነው።

ዓርብ በምሳ ሰዓቴ መናኸሪያ ሄጄ ቀጥታ መሐል ሜዳ ለሚሄድ አውቶብስ ብር ከፈልኩ። «ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተገኚ» አለኝ ልጁ። በእጁ የጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። የሰሌዳ ቁጥር የላትም፣ ስልክ የላትም። መኪናው የት እንዳለ እንኳ አልጠየቅሁም። አሁን ሳስበው የማላውቀው ሰው ብር አበድሬ ነው የሄድኩት። እባካችሁ፣ መኪናውን በዓይናችሁ ካላያችሁ ወይም ቢያንስ ሰሌዳው ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ብር አታውጡ።

ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ብርዱ ያንገበግባል። እንደ እኔው ብጣሽ ወረቀት የያዙ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዲት እናት ልጅ አዝላለች። መኪና ግን የለም።

«አሁን ይመጣል።»

12 ሰዓት ሆነ። ጎማ እየተቀየረ ነው ተባልን። 1 ሰዓት። ነዳጅ ሊቀዳ ሄዷል ተባልን። ነዳጅ ወረፋ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ አመንን። ውሸት የሚያምረው እንዲህ እውነት ሲመስል ነው። 2 ሰዓት ላይ «መንገድ ላይ ነው፣ አምስት ደቂቃ» ተባለ። ይህቺ አምስት ደቂቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተወለደች።

በጣም የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊቴ ሦስት ሚኒባስ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» እያለ ሞልቶ ሄዷል። ረዳቱ እኔኑ ጭምር «እህት፣ ደብረ ብርሃን ነሽ?» ብሎ ጠይቆኛል። «አይ፣ እኔ ቀጥታ ነኝ» አልኩት። ኮራ ብዬ ነው ደግሞ ያልኩት። ቀጥታ ናት ልጅቷ!

2:30 አካባቢ ሻንጣ የሚያወርድ አንድ ልጅ ሻይ ገዛሁለትና እውነቱን ነገረኝ። «የኔ እህት፣ ያ መኪና እኮ ዛሬ አይመጣም። ለሠርግ ኮንትራት ሄዷል፣ ትናንት ማታ ነው የሄደው።» ልጁ ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። ግን ነገሩ ገባኝ። ጥር ነው። ቅዳሜ ነው። ግማሹ አውቶብስ ሙሽራ አጅቦ ጥሩምባ እየነፋ ነው። በጥር፣ ከፋሲካም በኋላ በሠርጉ ሰሞን፣ በቅዳሜ መኪና እንደልብ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። እንዲህ ባለ ሳምንት መንገድ ካላችሁ ዓርብን ከመሥሪያ ቤት ለምናችሁም ቢሆን ውሰዱ። ዓርብ ሠርገኛ የለም።

ታዲያ እውነቱን ካወቅሁ በኋላ ወዲያው ሄድኩ? አልሄድኩም። ሁለተኛውና ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። ብሬን ይመልሱልኝ ብዬ ቆምኩ። ብር የተቀበለኝ ልጅ የለም፣ ሌላው «እኔ አላውቅም፣ እሱ ሲመጣ» ይላል፣ ተራ አስከባሪው «ቢሮ ሂጂ» ይለኛል፣ ቢሮው ቁልፍ ነው። እልህ ያዘኝ። ተጨቃጨቅሁ፣ ጮህኩ፣ ሰው ሰበሰብኩ። መጨረሻ ላይ ግማሹን መለሱልኝ። ሰዓቴን ሳይ 5 ሊሆን ነው። ለአንድ ምሳ በማይበቃ ብር ሁለት ሰዓት ከመንፈቅ ሸጥኩ። ያ ሁለት ሰዓት ከመንፈቅ ነው በኋላ ክርስትናውን ያሳጣኝ። ብራችሁን አትተዉት፣ መብታችሁ ነው። ግን ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱትና መጀመሪያ መንገዳችሁን ሂዱ፤ ጠቡ ሰኞም ይደርሳል።

ስጨቃጨቅ ከጎኔ ሆነው ያዩኝ አንዲት እናት ነበሩ። ሸኖ ወራጅ ናቸው፣ ባዶ የቅቤ ቅል ይዘዋል። ክንዴን ያዝ አደረጉኝና «ልጄ፣ መንገድ እኮ እንደ እንጀራ ነው፤ ቆርሰሽ ነው የምትበዪው። ምን ጠቅልዬ ልዋጥ ትያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀጥታ መኪና ሲኖር ጥሩ ነው። በቀን አንዴ ብቻ የሚወጣ መኪና ከቀረ ግን ቀኑን ሙሉ ይዞባችሁ ነው የሚቀረው። ወደ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ አለ። ደብረ ብርሃን መድረስ ማለት ደግሞ የችግሩን ግማሽ መጨረስ ነው። እንግዲህ ሕጌ ይህ ሆኗል። መኪናው በተባለው ሰዓት ካልመጣ አንድ ሰዓት ብቻ እጠብቃለሁ። ከዚያ «አሁን ይመጣል» የሚለኝ ጳጳስ ቢሆን እንኳ ቆርሼ እሄዳለሁ።

እሳቸውን ተከትዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። «አንድ ሰው ብቻ! ሞላ! ሞላ!» ይላል ረዳቱ። እውነትም ሞልቶ ነበር። እኛ ስንቀመጥ ሦስት ወጣቶች አንድ በአንድ ስልክ የሚያናግሩ መስለው ወረዱ። ለማስመሰል የተቀመጡ ናቸው። እማማ ሳቁብኝ። «ሻንጣ ያልያዘ፣ ፌስታል እንኳ ያልያዘ ሰው ምን መንገደኛ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው የሰውን ጭን ነው። ጭኑ ላይ ምንም የሌለው ጎረምሳ ከበዛ ገና ብዙ ትቆማላችሁ። ልጅ የያዘች እናትና ሸቀጥ የጫነ ነጋዴ ያለበት መኪና ግን የእውነት ሞልቷል።

ወደ 6 ሰዓት ሲሆን ወጣን። ሰንዳፋን፣ አለልቱን አለፍን። ሸኖ ላይ እማማ ወረዱ፣ ሹፌሩም ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ወረፋ ገባ። ሸኖ ላይ የቆመ መንገደኛ ቅቤ ይገዛል፣ እኔም ለአራሷ ገዛሁ። ከዚያ ቀን ያተረፍኩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ላይ ፍተሻም ነበር፣ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። መታወቂያችሁን ሻንጣ ሥር አትቅበሩት። አንድ ሰው መታወቂያውን እስኪያገኝ ሻንጣው ከጣሪያ ወርዶ ተፈታ፣ እኛ ቆመን ጠበቅነው።

ደብረ ብርሃን 9 ሰዓት ላይ ገባሁ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው የሰየሟት ከተማ ናት፣ ለእኔ ግን ያን ቀን ጨለመችብኝ። «መሐል ሜዳ የመጨረሻው 7 ሰዓት ላይ ወጣ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ አይወጣም። ምክንያቱም አላቸው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አይታይም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ በጨለማ የሚሄዱበት አይደለም። ሹፌሮቹ ትክክል ናቸው። ግን ያን ሰዓት ትክክለኛነት ምን ያደርግልኛል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ መናኸሪያ ያለ ሰው ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ አይነግራችሁም። ብዙ ጊዜ አያውቀውምም። የሚያውቀው እዚያው ያለ ሰው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ማታ ደብረ ብርሃን ላለ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌላችሁ ለዘመድ ጓደኛ፣ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ። መንገዱ ክፍት ነው? ሰላም ነው? የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው? ይቅርታ፣ ሦስት ሆነ። መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ቀን አለና የመጀመሪያዋን ጥያቄ በፍጹም አትዝለሏት።

ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው ጠጋ አለኝ። «መሐል ሜዳ ነሽ? በኮንትራት ላድርስሽ።» የጠራው ብር የወር ቤት ኪራዬ ነው። ግን እሺ ልለው ነበር፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ብቻዬን፣ ከማላውቀው ሰው ጋር፣ በማታ፣ በጉም። እልህና እፍረት አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውን እንዲህ ያሳውራሉ። ያዳነችኝ ሻይ የምታፈላ ሴት ናት። «እትዬ፣ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አልኳት። ከንፈሯን መጠጥ አደረገችና «ተቀመጪ፣ ሻይ ጠጪ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ገባኝ።

ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። 6 በመቶ። ለጓደኛዬ ከጠዋት ጀምሮ አልደወልኩላትም ነበር። «ሳልጨናንቃት በሰላም ደርሼ እደውላለሁ» ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር አፍሬም ነው። ደወልኩ።

«የት ደረስሽ?»

«ደብረ ብርሃን ነኝ። መኪና አልቋል።»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የባለቤቴ ወንድም እኮ ለድግሱ ዕቃ ጭኖ በ6 ሰዓት ከደብረ ብርሃን ተነሳ። ፊት ወንበሩ ባዶ ነበር። ጠዋት ብትነግሪኝ ይጠብቅሽ ነበር» አለችኝ።

ስልኩ እዚያው ላይ ጠፋ። እኔም ጠፋሁ ማለት ይቻላል። ሻይ የምታፈላዋ ሴት ማልቀሴን አይታ ቻርጀር ሰጠችኝ፣ የሻዩንም አልተቀበለችኝ።

ስለ መኪና ብዙ አወራሁ፣ ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን ይህ ስልክ ነው። መኪና መቅረቱ የእኔ ጥፋት አልነበረም። አለመደወሌ ግን የእኔ ነው። የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ መዘግየታችሁን እንዳወቃችሁ ወዲያው ንገሩት፣ ገና ሁለት ሰዓት ጠዋት ላይ እያላችሁ። ድግስ ያለበት ቤት ያን ቀን አገር ምድሩን ያውቃል። ማን በፒካፕ እንደሚመጣ፣ ማን አይሱዙ ላይ ጠላ እንደጫነ፣ የትኛው ቄስ ከየት በምን እንደሚመጣ ሁሉ። እናንተ መናኸሪያ ቆማችሁ የማታገኙትን መኪና እነሱ እጓዳ ሆነው ያገኙታል። ደግሞም ፓወር ባንክ ያዙ። እኔ እቤት ረስቼው ነው የወጣሁት፣ ቻርጅ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ።

ደብረ ብርሃን አደርኩ። ከተማዋ 2,840 ሜትር ላይ ናት፣ የጥር ውርጭ ደግሞ የሚጫወቱበት አይደለም። ፔንሲዮኑ ሁለት ብርድ ልብስ ሰጠኝ፣ ሦስተኛ ለመንኩ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ብላችሁ ስስ ልብስ ይዛችሁ ወደዚህ አትውጡ። ያላሰባችሁት ሌሊት ይጨመርባችኋል፣ የሚጨመረውም ብርዳማው ነው። መንገድ ላይ ለማደር የሚበቃ ብርም ለብቻው ደብቃችሁ ያዙ።

ሌሊት 10:30 መናኸሪያ ነበርኩ። በር ገና አልተከፈተም። የመጀመሪያው መኪና 12 ሰዓት አለፍ ሲል ተነሳ። ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። የደሴው መንገድ ጣሊያን በሠራው ዋሻ በኩል ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይሄዳል፣ እኛ ወደ መንዝ ታጠፍን። መዘዞን አልፈን ጓሳ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል፣ አንድ ሁለት ፈረንጅ መኪና አቁሞ ፎቶ ያነሳል። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም ወርጄ አነሳ ነበር። ያን ቀን ግን ከተነሳን ጀምሮ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነበር። 1 ሰዓት። አሁን ቄሱ ውሃውን እየባረኩ ነው። 1:30። አሁን እያጠመቋት ነው። ማን ይዟታል?

ከ4 ሰዓት በኋላ ደረስኩ። ግቢው ድንኳን ተተክሎበታል፣ ሰው ይበላል። የጓደኛዬ የባሏ እህት ናት ያነሳቻት። ማተቡን ከጎረቤት ተውሰው፣ በነጠላ ጠቅልለው። ጓደኛዬ ስታየኝ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም፣ ያም ባሰብኝ። ልጅቷን ሰጠችኝ። የገዛሁላትን ነጭ ልብስ ያኔ አለበስናት። ክርስትና አንድ ጊዜ ነው፣ አበልጅ አይቀየርም። የክርስትና ስሟን እንኳ እንደ ማንኛውም እንግዳ ጠይቄ ነው ያወቅሁት።

መመለሻውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እሁድ ከሰዓት አልሞከርኩም። እሁድ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው፣ ሠርገኛውም ይመለሳል፣ መኪናውም በትርፍ ይጭናል። ለአለቃዬ እሁድ ቀን ላይ «ሰኞ ግማሽ ቀን አረፍዳለሁ» ብዬ በቴሌግራም ጻፍኩለት። «እሺ» ብቻ ብሎ መለሰ። ያን ሁሉ የተጨነቅሁበት ዓርብ ፈቃድም እንዲህ በአንዲት «እሺ» ያልቅ ነበር ማለት ነው። ሰኞ ሌሊት የመጀመሪያውን መኪና ይዤ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሳልጠብቅ ቀይሬ፣ 8 ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። ቆርሼ።

ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ልጇን ወለደች። ወንድ ነው። ለወንድ ክርስትና የሚያነሳው ወንድ ነውና እኔን አይመለከተኝም። እኔ ግን ሐሙስ ሄጄ ሁለት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ ቆየሁ። የክርስትና አባቱ የሚሆነው ሰውዬ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሲደውል ስልኩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። «ቀጥታው መኪና አሁን ይመጣል ብለውኛል» አለ።

«ውረድ» አልኩት፣ ገና ሳይሳፈር።